የጋሽ ብዙነህ ትሮዝ

ጋሽ ብዙነህ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱ ሲለመኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጁ። የተዘጋጁት ግን ስለ ሙሽራው አልነበረም፤ ስለ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ድሮ አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ኮሎምበስ ከገቡ ወዲህ የሚሰማቸው አጥተው እውቀታቸው ደረታቸው ላይ ታምቆ ቀርቷል።

ልጁ ዳጊ ይባላል። በዲቪ መጥቶ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እዚህ አባትም አጎትም የለው፤ ቤተልሔምን ግን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። አባቷ አቶ አንድርያስ ደግሞ ሽማግሌ ካልተላከ ወሬውንም አልሰማ ያሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ዳጊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ የሰማቸውን ጋሽ ብዙነህን መረጠ። ምስኪን፣ ንግግር የሚያውቅ ሁሉ ነገር የሚያውቅ መስሎት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሁዳዴ ቅበላ ዕለት ዳጊ ራሱ እየነዳ ከፒከሪንግተን ክሊንተንቪል፣ አቶ አንድርያስ ቤት አደረሳቸው። ጋሽ ብዙነህ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲተነትኑ ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ጎሹ ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጁ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ገቡ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ አንድርያስ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ብዙነህ፤ ወጉ ነው። ከዚያ ጀመሩ። «እንግሊዞች ትሮዝ የሚሉት የቆየ ቃል አላቸው። እውነት ማለት ነው። ታማኝነትም ነው። ቃል ኪዳንም ነው፤ መተጫጨትም ከሱ ይወጣል።»

በድሮ ታሪካቸው ፈረሰኛው ለእመቤቱ ትሮዙን ይሰጣል አሉ። በቴአትራቸው ደግሞ ሰካራሙ ሁሉ «በትሮዜ» እያለ ይምላል፤ አብዝቶ የሚምለው ዋሾው ነው አሉ። ገጣሚዎቹማ ቃሉ ከሞተ በኋላም ከመቃብር እየጎተቱ ያወጡታል፣ ያረጀ ቃል ያስከብራል ብለው። ይህን ሲናገሩ ፈገግ እንኳ አላሉም።

ጋሽ ጎሹ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንዱን እግር አሳረፉ፣ ሌላውን አሳረፉ፣ በመጨረሻ ሶፋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። ወጉም እዚያው ፈረሰ። የልጅቷ እናት እትዬ ሸዋረጋ የኮሮና ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ሳቃቸውን ደበቁ።

«ጥሩ» አሉ አቶ አንድርያስ፣ ጋሽ ብዙነህ ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቀው። «ቃሉን አፕሪሺዬት አድርገናል። ልጁስ? የማን ልጅ ነው?»

ጋሽ ብዙነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በጣም ጨዋ ልጅ ነው። እንደ ልጄ ነው የማውቀው።»

«እናቱ ማን ይባላሉ?»

ጋሽ ብዙነህ ወደ ጋሽ ጎሹ ዞሩ፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ሥራውስ?»

«ሥራ… ይሠራል።»

አቶ አንድርያስ ተነሡ። «ሽማግሌ ዋስ ነው፣ ጋሽ ብዙነህ። እርስዎ ለማያውቁት ሰው ዋስ ሊሆኑ መጡ። እሱን የሚያውቅ ሰው ካለው ከፋሲካ በኋላ ይላክ። ከሌለው ልጄን አልሰጥም።»

መኪናው ውስጥ ዳጊ ዞር አለ። «ጋሼ፣ ምን አሉ? ኦኬ አሉ?»

ጋሽ ብዙነህ ቀበቷቸውን አሰሩ። «በጥሞና አዳመጡኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ዳጊ ዘንበል ብለው፣ «ለመሆኑ እናትህ ማን ይባላሉ?»

ዳጊ ያን ጊዜ ገባው። ልቡ ስብር አለ።

«ፋንቱ» አለ ቀስ ብሎ።

«አሃ። ፋንቱ ማለት እኮ…»

ዳጊ ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ» አለ፣ «ይውረዱልኝ።»