ከቦዩ ስር ያለው አውሬ

«ሰምተዋል እትዬ ሠርኬ? ከቦዩ ስር አውሬ ገብቷል አሉ!» አለች ሙሚና፣ ሽንኩርቷን ላስቲክ ላይ እየዘረገፈች። «ጭራው ይሄን ያህላል። ጥርሱ ደግሞ ቢጫ ነው። የሻይ ቤቷ ዱንያ በዓይኗ አይታዋለች፣ ወላሂ በዓይኗ! ውሃውን አግቶ ሰፈሩን ያጥለቀለቀው እሱ ነው።»

እትዬ ሠርኬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በስመአብ! ጭራ አለው?»

«አለው እንጂ!»

ሠርኬ የደነገጠችው በአውሬው አልነበረም፣ በጭራው ነው። ይሄን ወሬ ትናንት ከሰዓት ለዱንያ የነገረቻት ራሷ ናት፤ ያኔ ጭራ አልነበረውም። «እንጃ እቴ፣ ከቦዩ ስር አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ» ነው ያለችው። በቃ፣ ይቺው ናት። አንድ ቀን አድሮ ጭራና ጥርስ አብቅሎ ተመለሰላት። በወሬ ያረጀች ሴት ስለሆነች ጥሩ ወሬ ስታይ ታውቃለች፤ ልጇ ተድራ፣ ወልዳ፣ ክርስትና ልታስነሳ የመጣችላት ያህል ደስ አላት።

አውሬው ማን መሰላችሁ ታዲያ? ራሷ ሠርኬ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርካቶ፣ እህል በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ከአይሱዙ ጆንያ ሲወርድ ይውላል። ጆንያ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም፤ ስንዴው በዚህ ይፈስሳል፣ በቆሎው በዚያ ይንጠባጠባል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የወደቀውን ሁሉ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ቦዩ የሚያልፈው በሠርኬ ቤት ጀርባ ነው። ሠርኬ ደግሞ ሰባት ዶሮዎች አሏት፤ ሰባቱም ጠግበው አያውቁም። እና ከሦስት ክረምት በፊት አንድ ማዳበሪያ በሁለት ድንጋይ መሀል ወጠረችና ከቦዩ ክዳን ስር በገመድ አሰረችው። ውሃው በማዳበሪያው እየተጣራ ያልፋል፣ እህሉ እዚያው ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ በጣሳ ትዝቃለች። ማንን ጎዳች? ማንንም።

ዘንድሮ ግን ስስት ገባት። ማዳበሪያውን ሁለት አደረገችው። ሁለቱ እንዳይወድቁ ሳንቃ ደገፈችበት። ሳንቃው እንዳይንሸራተት የተጣለ ጎማ ወሸቀችበት። ከላይ የሚመጣው ፌስታልና ልጣጭ ደግሞ ጥሩኝ ሳይል መጥቶ ቀዳዳውን ሁሉ መረገው። ዶሮዎቹ ወፈሩ፣ ሰፈሩን ውሃ ዋጠው። ሰው «ይሄ ቦይ ምን ነካው? ክዳኑን አንስተን እንየው እንጂ» ማለት ሲጀምር ነው እንግዲህ አውሬውን የፈጠረችው፤ ፈርተው እንዳይነኩባት ብላ።

ሙሚና ጋ እንዲህ እያወጋች ሳለ ዘሀራ ከታች ጠራቻት። «አንቺ ሠርኬ! ነይና እይልኝ እስቲ!»

ዘሀራ የወሎ ሰው ናት፣ ምስር ነጋዴ። ሱቋ መንገዱ ቁልቁል በሚወርድበት ነው፤ በሩ ጋ ለመድረስ ሦስት ደረጃ ይወጣል። ከሠርኬ ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ጎረቤት ናቸው። በሳምንት ሁለቴ ይኳረፋሉ፤ ኩርፊያቸው ግን ከምሳ ሰዓት አያልፍም፣ ምክንያቱም ከሁለቱ በቀር ወሬ የሚገባው ሰው በሰፈሩ የለም።

ሠርኬ ወርዳ ስታይ ውሃው የታችኛውን ደረጃ አልፎ ሁለተኛው ጋ ቆሟል። ሦስተኛውን ካለፈ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ሃያ ጆንያ ድፍን ምስር ተደርድሯል፣ ባለፈው ሳምንት የገባ፤ የዘሀራ የዓመት ነገሯ በሙሉ።

«ምስር ውሃ ከነካው ያብጣል» አለች ዘሀራ። «ካበጠ ይበቅላል። ከበቀለ ምን ልበል? እርሻ ጀመርኩ ልበል?»

«ሌላ ቦታ አታሸሺውም?»

«የት ላሽሸው? የሁሉም ቤት ውሃ ነው። ዛሬ ከዘነበ አለቀልኝ፣ ሠርኬ።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና ፊቷን ወደ ጆንያዎቹ አዞረች።

ዘሀራ ስትሳደብ እንጂ ስታለቅስ ሠርኬ አይታ አታውቅም። «አይዘንብም» አለቻት። ቀና ስትል በእንጦጦ በኩል ያለው ሰማይ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል።

ቤቷ ሮጣ ገባችና የሽንኩርት ቢላዋዋን ከጉያዋ ሸጎጠች። አንድ ገመድ ናት። እሷን ቆረጥ፣ ሳንቃውን መዘዝ፣ አለቀ፤ ማንም ሳያይ። በጓሮ በር ስትወጣ ግን ቦዩ ዙሪያ ሠላሳ ሰው ቆሟል። አውሬ ሊያይ ነው የመጣው። ማን ጠራው? ወሬው። ወሬውን ማን አወራው? ተዉት።

መሀላቸው ስልክ ጠጋኙ ሳዳም ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። «ይሄ እኮ ቢቨር የሚባለው ነው! ቪዲዮ አለው፣ እዩት!»

ሠርኬም አንገቷን አስግጋ አየች። ፈረንጅ አገር ነው። አይጥ የመሰለ፣ በግ የሚያህል ጸጉራም ነገር ዛፍ በጥርሱ ይገዘግዛል። የቆረጠውን እየጎተተ ወስዶ ወንዝ ላይ ይከምራል። ወንዙ ታግቶ የገበሬውን ማሳ ሐይቅ አድርጎታል፤ ላሞች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ገበሬዎቹ ረጅም ቦቲ ጫማ አድርገው ገቡና ክምሩን ከመሀል እንጨት እንጨቱን ይመዝዙ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ገንፍሎ ወጣ፤ ማሳው ብቅ አለ።

«በጭቃ ይለስነዋል እንዴ?» አለች ሠርኬ።

«በእጁ ነው የሚለስነው፣ እትዬ።»

«አይ ጎበዝ!» አመለጣት። ሰው ዞር ብሎ ሲያያት «ማለቴ፣ አይ ክፉ!» አለች።

«ሲፈርስበትስ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ ጋሼ ወርቁ። ጋሼ ወርቁ የስንዴ አከፋፋይ ናቸው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሰብሳቢ ይሆናሉ፣ ማንም ሳይመርጣቸው።

«በማግስቱ መልሶ ይሠራል። ተስፋ አይቆርጥም።»

ሠርኬ ይሄንንም አደነቀች፣ በሆዷ።

«ቆይ፣ የፈረንጅ አገር አውሬ መርካቶ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«ጋሼ፣ መርካቶ የማይመጣ ዕቃ አለ እንዴ? በኮንቴነር ገብቶ ነዋ!»

ይሄ መልስ ሁሉንም አሳመነ። «ልክ ነው፣ በኮንቴነር ነው» ተባለ። «ከቻይና ይሆናል» ያለም ነበር። ግድቡ ይፍረስ የሚለው ላይ ሁሉም ተስማማ፤ ማን ያፍርሰው የሚለው ላይ ግን አንድም ሰው ጠፋ።

«እኔ ስኳር አለብኝ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ቢነክሰኝ ቁስሉ አይድንልኝም።»

«እኔ ክዳኑን አነሳለሁ» አለ ከመኪና ጭነት የሚያወርደው ሶሬሳ፣ ዲጂኖውን ተደግፎ። «እጄን ግን አልከትም። እንጀራዬ እጄ ነው።»

«ሳዳም፣ አንተ ግባ!»

«እኔማ ልቅረጽ እንጂ!»

ሠርኬ ሰማዩን አየች። ነፋሱ ቀዝቅዟል። እነዚህ ሰዎች ካልሄዱላት ነገሩ አበቃ። ጣቷን ቀሰረችና ጮኸች፣ «ኧረ ያ ምንድነው? ያ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሮጠው? ጭራ አለው!»

ሠላሳው ሰው እንዳለ ነጎደ። ጋሼ ወርቁም ከነስኳራቸው ሮጡ። ሠርኬ በጉልበቷ ተንበርክካ ክዳኑን ያዘች። እርጥበቱ አጣብቆት ኖሮ እምቢ አላት። ገፋች፣ ሳበች፣ ተሳደበች። ትንሽ ፈቀቅ ሲልላት ሰዎቹ ተመለሱ። የሄዱት ሠላሳ ነበሩ፤ የተመለሱት ስልሳ ሆነው ነው። የተክለ ሃይማኖት ሰው አውሬ ሊያይ አብሮ መጥቷል፣ አንዲት ቆሎ ሻጭም ገበያ ይኖራል ብላ ተከትላለች።

«አጣነው! ተመልሶ ገብቶ ነው!» አለ ሳዳም እያለከለከ።

ያኔ ነው የመጀመሪያዋ ጠብታ የሠርኬ አፍንጫ ላይ ያረፈችው። ሁለተኛዋን ማንም አልቆጠራትም፤ ሐምሌ እንደሚያደርገው ሰማዩ አንዴ ተገለበጠ። ከታች ደግሞ የዘሀራ ድምጽ መጣ። «ሁለተኛው ደረጃ ሄደ! ኧረ ሰው የላችሁም!»

ሠርኬ ቆመች። ስልሳ ሰው እያያት ከገባች ጉዷ ይወጣል። ሰው ላይ ስታወራ የኖረች ሴት መሆኗ ነው፤ ሰፈሩ በተራው ሲያወራባት አንድ ዓመት አይበቃውም። ዝም ካለች ደግሞ ማንም አያውቅባትም። ምስሩ ግን ያብጣል። ዘሀራ ታለቅሳለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ቀሚሷን ሰበሰበች። «ሶሬሳ፣ አንሳልኝ ይሄን ክዳን!»

«ሠርኬ፣ አብደሻል?» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ይበላሻል!»

«ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ጋሼ። እኔን አላምጦ የሚጨርስ ጥርስ ያለው አውሬ ካለ ይምጣ!»

ሶሬሳ በዲጂኖ ክዳኑን ፈነቀለው። ሠርኬ ወረደች፤ ውሃው ወገቧ ደረሰ፤ ሴቶቹ ጮኹ። እጇን ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርጋ ከተተች። በቢላዋው ገመዱን በአንዴ በጠሰችው። ከዚያ ልክ እንደ ቪዲዮው ገበሬዎች ሳንቃውን ከመሀል ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ተንጋለለች።

አንድ ነገር ውልቅ አለ። ቀጥሎ ውሃው እንደ በሬ አገሳ። ጎማው ተንከባልሎ ሄደ፤ ሠርኬም ልትከተለው ስትል ሶሬሳ በነጠላዋ ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣት። እሷን ተከትሎ ከማዳበሪያው ጋር የተጠላለፈውን ጓዝ በሙሉ ስቦ መንገድ ላይ ዘረገፈው። በሰፈሩ የተኛው ውሃ እየተሽቀዳደመ ወረደ። የዘሀራ ደረጃ አንድ ብሎ ወጣ፣ ሁለት ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ የዝናቡን ነገር የሚያስታውሰው እንኳን ጠፋ።

«ነከሰዎት እንዴ እትዬ?» አለ ሳዳም እየቀረጸ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ግን ሠርኬ ናት። «ሊነክሰኝ ነበር እንጂ! ዓይን ለዓይን ተያየን።»

«ምን ዓይነት ዓይን አለው?»

«ፍጥጥ ያለ፣ ልክ እንደ ጋሼ ወርቁ!»

ሰው በሳቅ ወደቀ። ጋሼ ወርቁም ሳቁ። ዘሀራ ቀሚሷ ረጥቦ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እየገፋች መጣች። እሷ አልሳቀችም።

«ሠርኬ፣ ገመዱ የት እንደታሰረ በምን አወቅሽ?»

«እ?»

«አልዳበስሽም እኮ፤ ልጠራችሁ ስመጣ ከሰው ትከሻ በላይ አይቼሻለሁ። እጅሽን ከተትሽ፣ ቆረጥሽ። እኔ የገዛ መቀነቴን እንኳን እንደዚያ ቶሎ አላገኘውም።»

ሠርኬ አፏን ከፈተች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ውሸት ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። አሁን አንድም አልመጣላትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለዶሮዎቼ እህል ላጠራቅም ብዬ። ዘሀራዬ፣ አንቺ ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ጠዋት ሳይሽ ልፈታው ነበር፤ ሰዉ አላስጠጋኝም።»

ሰፈሩ ተናጋ። «ምን? ለዶሮ?» አሉ ጋሼ ወርቁ፤ ዓይናቸው አሁን እውነትም ፈጠጠ። «ሦስት ቀን ሙሉ በውሃ ስንራመድ የኖርነው ለሰባት ዶሮ ነው? ደንብ አስከባሪ ይጠራ!»

«እኔን ደግሞ ጭራ አለው ብላ ስታስወራኝ!» አለች ሙሚና፤ ጭራውን ማን እንደጨመረው ረስታዋለች። «ዶሮዎቹ ዛሬውኑ ከሰፈር ይውጡ!»

ሳዳም ስልኩን ሠርኬ አፍንጫ ስር ደቀነ። «እትዬ፣ ወደዚህ ይዩ፤ አውሬው ተያዘ ብዬ ነው የምለቀው። ሚሊዮን ሰው ያየዋል!»

ሠርኬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላውን ሰው አልፈራችም፤ የጠበቀችው ዘሀራ የምትለውን ነው። ዘሀራ ግን ጎንበስ ብላ ሶሬሳ የዘረገፈውን ክምር በእግሯ ትገለብጣለች። ከሁለቱ ማዳበሪያ ይልቅ ሌላው ቆሻሻ ነው የሚበዛው። አንድ ክንድ ሙሉ የሽንኩርት መረብ አነሳችና ሙሚና እግር ስር አስቀመጠችው። የጋሼ ወርቁ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት የተቀደደ ጆንያ አነሳችና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። የስልክ ካርቶን በዛባት፤ በሁለት እጇ አፍሳ ሳዳምን አስታቀፈችው።

«ማዳበሪያውን ያሰረችው እሷ ናት፤ የእሷን ነገር እኔና እሷ ቤት ገብተን እንነጋገራለን፣ ዛሬ አፏን አላስከፍታትም» አለች። «አንተ ግን ሳዳም፣ የምትቀርጸው አውሬውን ከሆነ ስልክህን ወደ ራስህ አዙረውና እጅህን ዘርጋ አድርገህ ያዘው፤ ብዙ ናችሁ፣ ካለዚያ ሁላችሁም ቪዲዮው ውስጥ አትገቡም።»

ሳዳም ካርቶኑን እንዳቀፈ ስልኩን ኪሱ ከተተ።