ለዳማዋ የተሰራ ኮርቻ

ፈረስ ማሰልጠን ማንም አላስተማረኝም። ያወቅኩትን ያወቅኩት እያየሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ደግሞም እየወደቅኩ ነው። ስንቴ እንደወደቅኩ ወገቤ ይመስክር። ስለዚህ አንዱ መጥቶ «ኮርቻ ያው ኮርቻ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል?» ሲለኝ፣ ጫማውን አውልቆ የእኔን አጥልቆ ዳገቱን ወጥቶ እንዲመለስ እጋብዘዋለሁ። እስካሁን ግብዣዬን የተቀበለ የለም።

በወጣት ፈረስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሥራ የለመደ ፈረስ ቢያመውም ጥርሱን ነክሶ ይሄዳል። ወጣቷ ግን መጀመሪያ የተጫነባት ነገር ከቆነጠጣት፣ ቂሙን የምትይዘው በኮርቻው ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በስኳር ብትለምናት ወይ ፍንክች።

ዳማዋ፣ ወጣቷ ፈረሳችን፣ በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጫካው መንገድ ልትወጣ ነው። ተሸካሚዋ እሷ፣ ሸክሟ እኔ። እናቷ በወለደቻት ሰሞን ስለሞተች በጡጦ ያሳደግናት እኔና አባቴ ነን። እንደ ታናሽ እህት ነው የማያት፤ ማለትም እወዳታለሁ፣ አባቴ እሷን ሲያቆላምጥ ደግሞ ትንሽ ያንገበግበኛል።

አባቴ ኮርቻ ሰሪ ነው። ክረምቱን ሙሉ ወርክሾፑን ከውስጥ ቆልፎ ለእሷ አንድ ኮርቻ ሲሰራ ከረመ። ዓይኑ እየደከመ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያወራው ግን የለም። እሱ ጥፋቱን በአምፖሉ ያላክካል። «ይሄ አምፖል ደግሞ ምን ነካው!» ይልና ያስቀይረኛል። እኔ፣ ለሰፈሩ ሁሉ መልስ የማላጣው ምላሳም፣ ትንፍሽ ሳልል እቀይራለሁ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ጋጣው መጣ። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ከኋላው ተከትላለች። አክስቴ ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ስለ ፈረስ ያልሰጠችው አስተያየት ግን የለም።

«በሉ እንግዲህ፣ ሙሽሪትን አውጧት!» አለች።

ኮርቻው ሲያዩት ያሳሳል። ቀላል ነው፤ ለረጅም መንገድ ደግሞ ከቅለት የሚበልጥ ነገር የለም። መቀመጫው ጠለቅ ያለ፣ ከኋላው ኮት ማሰሪያ ቀለበት ያለው፣ ስፌቱ የተሰለፈ ጉንዳን የሚመስል።

«ዝም አልሽ» አለኝ አባቴ። «አንቺ ዝም ስትዪ ደግሞ ያስፈራል።»

«ቆንጆ ነው፣ አባዬ።»

«ቁንጅናውንማ እኔም አውቃለሁ። ይሆናታል ወይ?»

ከስር ጨርቅ ሳላደርግ ባዶ ጀርባዋ ላይ አስቀመጥኩት። ልክ የሚታየው እንደዚያ ነው። ፊቱ ከትከሻዋ ኋላ እንደ ጉጠት ያዛት። መሀሉ ግን ጀርባዋን ሳይነካ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሆድ ጠፍሩን ገና ከመንካቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ጎኗን አሸሸች።

«አዲስ ጫማም እንዲህ ነው፤ ይለምድላታል» አለች አክስቴ።

«አክስትዬ፣ ቆዳው ይለምዳል። ውስጡ ያለው እንጨት ግን የት አባቱ ይለምዳል!»

ይህን እያልኩ ነው ኮርቻው በማን ጀርባ ልክ እንደተሰራ የገባኝ። ጠባብ፣ ከትከሻው ከፍ ያለ፣ መሀሉ ረገብ ያለ ጀርባ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ፊት ተቀምጬ የሄድኩበት ጀርባ። ዳማዋ በአባቷ ወጥታ እንደ ጠረጴዛ ሰፊና ደልዳላ ናት። ይሄ ኮርቻ የእናቷ ልክ ነው።

አክስቴ ክርኔን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። «ስሚኝ፣ የኔ እናት» አለች በሹክሹክታ። «ወፍራም ጨርቅ አድርጊበትና ነገን ብቻ ሂጂበት። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ነው። ከዚህ ወዲያ ሌላ የሚሰራም አይመስለኝ።»

እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነበር። ዛሬ «አይሆንም» ካልኩት ወስፌውን ሰቅሎ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ታየኝ። ግን በጠበበ ጫማ ላይ ካልሲ መደረብ ምን ይረዳል? ነገ ዳገት ላይ የምትቆነጠጠው እሷ ናት፤ የምታኮርፈውም ለሁልጊዜው ነው።

ክርኔን አላቅቄ ወደ አባቴ ተመለስኩ።

«እጅህን ስጠኝ።»

መዳፉን ከኮርቻው ፊት ስር አስገባሁለት። ዳማዋ አንድ እርምጃ ስትራመድ ጣቶቹ በእንጨቱና በአጥንቷ መሀል ተጨፈለቁ። እጁን አላወጣም። ወደ መሀል አንሸራተተው፤ እዚያ ባዶ ነው። ረጅም ጊዜ ዳሰሰ።

«ይቺማ እናቷ ናት» አለ።

«አዎ።»

«የለካኋት ገና መንማና ሳለች ነበር። ኋላ በጀርባዋ ልክ ያጠፍኩትን መለኪያ ሽቦ ማየት ሲያቅተኝ፣ እጄ ያውቀዋል ብዬ ቀጠልኩ።» «እጄ ለካ ያሮጊቷን ያውቅ ኖሯል።»

አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «አቧራው!» አለች።

«ታዲያ አንቺ ብትሆኚ ምን ትጭኚባታለሽ?» አለኝ አባቴ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት አሉ። አንደኛው ያጎቴ ነው፤ ስፋቱ ባልከፋ፣ ክብደቱ ግን በር ከነመቃኑ መሸከም ነው። ሌላው እኔ ከሱቅ ያመጣሁት፣ ቆዳ ያልሆነ፣ ፊቱ ላይ ያለው ብረት ፈረሷ በሰፋች ቁጥር በሰፊ የሚቀየር። አባቴ ካየው ቀን ጀምሮ ባልዲ ነው የሚለው።

የሚሆናት እሱ ነው፤ ስሙን መጥራት ግን ከበደኝ።

«ባልዲውን አምጪው እንጂ!» አለ።

ሰፊውን ብረት ገጥሜ ጫንኩባት። አባቴ ዙሪያውን ዳሰሰ። በትከሻዋ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አገኘ፣ መሀሉም ከጀርባዋ ጋር ገጠመ። እሷ አንገቷን ዘርግታ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሽታው የጎማ ነው» አለ።

«እሷ አትሸተውም።»

«እኔ እሸተዋለሁ! የኔን ፈትቼ እንደገና እሰራዋለሁ። ሽቦውን በጀርባዋ ልክ አንቺ አጥፊ፣ እንጨቱን አብረን እንጠርበዋለን፣ ስፌቱ የኔ ነው። ደግሞ ስሳሳት ንገሪኝ። እንዳታባብዪኝ፣ አያምርብሽም።»

«አፌን ትችለዋለህ?»

«ከተወለድሽ ጀምሮ ምን ሳደርግ ኖርኩ?»

በማግስቱ ጠዋት እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች እጁን አንገቷ ላይ አድርጎ ከግቢው ወጣን። ዳማዋ እየተጠነቀቀች፣ መሬቱን እያሸተተች ትራመዳለች፤ ጀርባዋ ግን ከስሬ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። እስከ ዳገቱ መጀመሪያ ሸኝቶን ሊመለስ ነበር የተስማማነው።

ዛፎቹ ጋ ስንደርስ፣ ወደ እኔ ሳይዞር «አሁን ምን ትመስላለች?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሰፊ ናት» አልኩት። «ከኋላ ስትታይ በሩን ትሞላለች። ትከሻዋ ላይ ጠቆር ብላለች። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ወደ ግራ ተንጋዷል፤ ኮፍያውን አዘንብሎ የሚሄድ ጎረምሳ ነው የምትመስለው።»

«እናቷ ነጭ አልነበራትም።»

«አልነበራትም።»

«ዓይኗስ?»

«ተንኮል አለበት።»

«እሱን እንኳ ካንቺ ነው የወሰደችው» ብሎ ሳቀ። «እሺ፣ ጋማዋስ?»

ዳገቱ ተጀምሯል። ይመለሳል ብዬ ልጓሙን ሳብ አደረግኩ። እሱ ግን የኮርቻውን ጠፍር ጨብጦ መውጣቱን ቀጠለ፤ እኔም ስለ ጋማዋ መናገር ጀመርኩ።