ሻለቃን የማረጋጋት ኃላፊነት

ውሻው ስሙ ሻለቃ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ፖስተኛውን ከአጥር ማዶ የሚያስሮጥ። የበዓል ሰሞን ርችት መጮህ ሲጀምር ግን ማዕረጉ ሁሉ ይራገፍና አልጋ ሥር ገብቶ ምንጣፉን ያረጥባል። ባለፈው ዓመት የሳሎኑን መጋረጃ ከነዘንጉ አውርዶ፣ በዚያው ተጠቅልሎ ሲያላዝን ነው ያገኙት።

ስለዚህ ዘንድሮ የቤቱ እመቤት አስቀድማ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። አንድ ገጽ ምክር ይዛ ተመለሰችና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ከእንግዳና ከጫጫታ የራቀ ክፍል፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ፣ የለመደው ጨርቅ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአጠገቡ የማይለይ፣ እሱ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል ይላል።

«የሚያምነው ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ እማዬ» አለ ባልየው ለእናቱ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየነካካ። «ከአንቺ ሌላ ማንንም አይሰማም። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?»

እናቱ ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጎረቤቱ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ግን ከእሳቸው የሚፈለገው አርፎ መቀመጥ ብቻ ነበር። ቢላዋ ሲያነሱ «እንዳይቆርጥዎት»፣ መጥረጊያ ሲይዙ «ወገብዎን»፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ደግሞ «እሺ እማማ፣ እሺ»። እሺ የሚባል ሰው እንደማይደመጥ ያጡት አልነበረም። እናም ሥራ ሲሰጣቸው የልብ ልብ ተሰማቸው።

ቀኑ ደግሞ ቀላል ቀን አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ሚጡ የእጮኛዋን ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለበዓሉ ምሳ ጠርታለች። ሚጡን እናትና አባቷ ሥራ ሲውሉ አዝለው ያሳደጓት ሲስተር ናቸው። ኩፍኝ ሲይዛት አብረው የታመሙ፣ ጥርስ ስታወጣ ጣታቸውን ያስነከሱ እሳቸው ናቸው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ውሻውን በጊዜ አረጋግቶ ማስተኛት፣ ከዚያ ገበታው ላይ ቁጭ ብሎ ልጃቸው የምትገባበትን ቤት ሰዎች ዓይን ለዓይን ማየት። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ከጠዋቱ ለብሰው ነው የዋሉት።

ሥራውን እንደ ሥራ ያዙት። ከኋላ ያለችውን የልብስ መተኮሻ ክፍል ባዶ አደረጉና መስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ ወጠሩ። ሬዲዮ አስገቡ። ምራታቸው የውሻውን አሮጌ ጨርቅ ልታጥበው ይዛ ስትሄድ ከእጇ ነጠቋት። «ከታጠበማ ምኑን ያሸተዋል?» አሉ። ደረታቸው ላይ እንደ ሥራ ዘመናቸው ሰዓታቸውን ሰኩ።

የመጀመሪያው ርችት ስድስት ሰዓት ላይ ተተኮሰ። ሻለቃ በመተኮሻው ጠረጴዛና በግድግዳው መካከል ራሱን ወረወረ። ሲስተር አላባበሉትም፣ አልጮሁበትምም። የማይታዘዝ ጉልበታቸውን እየረገሙ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ረዘም ረዘም አድርገው ይተነፍሱ ጀመር። የሚያባብል ሰው ራሱ ከፈራ ማባበሉ ማስፈራራት ነው፤ ለተማሪ ነርሶች ስንቴ ነግረዋል! ጥቂት ቆይቶ ውሻው እየተሳበ መጣና ጎናቸው ላይ ተለጠፈ። ትንፋሹን ቆጠሩ። በደቂቃ ሰባ። ከሁለት ርችት በኋላ ሃምሳ። እንግዶቹ ሲገቡ፣ ሰላምታውና ሳቁ ሲሰማ፣ ሠላሳ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንኮራፋ።

ሲስተር ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። የውሻ ጠጉር ከቀሚሳቸው አራገፉ፣ ጠጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ በሩን ከፈቱ። ምራታቸው በኮሪደሩ ትሪ ይዛ ስትመጣ ገጠመቻቸው።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ! ምሳዎን ይዤልዎት መጣሁ።»

«ተኝቷልኮ ልጄ።»

«ቢነሣስ? ወረቀቱ ‹ከአጠገቡ አይለዩ› ነው የሚለው።» ዓይኗ ከትሪው አልተነሣም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው። ቀስ አድርጋ።

ያ ቀስታ ነው ሲስተርን የቆረቆራቸው። በር እንዲህ የሚዘጋው በሽተኛ ላይ ነው። ትሪውን ገለጥ አደረጉ። ሥጋው ለሕፃን እንደሚደረገው በትንንሹ ተቆራርጧል፤ ያውም ጥርሳቸው አንድ ሳይጎድል! መብላቱን ተዉትና ጆሯቸውን ወደ ሳሎኑ ጣል አደረጉ። ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ወንድ ይስላል፣ ደረቅ ሳል፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። የእጮኛው አባት መሆን አለባቸው። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ።

«አያትየዋስ የታሉ? ሚጡ ስለ እሳቸው አውርታ አትጠግብም፤ እኔ እንዲያውም እሳቸውን ለማየት ነው የቸኮልኩት።»

ከዚያ የገዛ ልጃቸው ድምፅ ተሰማ። «እማዬ ትንሽ አሟታል። ተኝታለች።»

«ውይ፣ ምስኪን! ይማራቸው።»

ምስኪን! ሲስተር ደማቸው ፈላ። ማነው ምስኪን? ለምን እንደደበቋቸው ወዲያው ገባቸው። ባለፈው በዓል የልጃቸው አለቃ ምሳ ተጋብዞ መጥቶ ነበር፤ ሲስተር በጠረጴዛው ማዶ አይተው «ዓይንህ ቢጫ ሆኗል፣ ጉበትህን ሳታሳይ እንዳትውል» አሉት። ሰውየው ኬኩን እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። በወሩ ሆስፒታል ገባ፤ ጉበቱ ነበር፣ በጊዜ ስለተደረሰበት ተረፈ። አንድ ሰው መጥቶ «ሲስተር፣ እግዜር ይስጥዎት» ያላቸው የለም። ቤቱ ውስጥ የቀረው ወሬ «እማማ አለቃውን አዋረዱት» የሚለው ብቻ ነው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ደንባቸው፤ ልጃቸው ቤት በእኩለ ቀን እንደሚመሽባቸው ግን አላሰቡም ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ ያቃጠላቸው ውሸቱ አይደለም። ያቃጠላቸው ዘዴው ነው፤ ምክንያቱም ዘዴው የራሳቸው ነበር።

በሥራ ዘመናቸው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ዋናው ሐኪም የበሽተኞቹን ክፍል ይጎበኝ ነበር። አፏ የማያርፍ፣ ከሐኪሙ ጋር የምትከራከር በሽተኛ ስትኖር ሲስተር አስቀድመው ያውቃሉ። ይጠሯትና አንድ ቅርጫት ፋሻ ይሰጧታል። «እስቲ የአንሶላው ክፍል ቁጭ በይና ይህንን ጠቅልይልኝ፣ እንዳንቺ አጥብቆ የሚጠቀልል የለም» ይሏታል። ሴትየዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች። አንዲቷ፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠቅልላ፣ ፋሻውን እንደ ሱቅ ዕቃ ደርድራ ወጣችና «ሐኪሙ መጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መጥቶ ሄዷል። የምትጠይቀው ነገር ነበራት፤ ሳምንት ሙሉ ስታጠናው የከረመች። ሲስተር ያን ጊዜ «በሚቀጥለው ማክሰኞ» ብለው አለፏት፤ ሥራ በዝቶባቸው ፊቷን እንኳ በወጉ አላዩትም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እነሆ ቁናው፣ በትሪ ቀርቦላቸዋል።

«ከአንቺ ሌላ ማንንም አይሰማም!» አሉ ጮክ ብለው ለግድግዳው። ሻለቃ አንድ ዓይኑን ገለጠና መልሶ ከደነው። እሱማ ተረጋግቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሲረጋጉ የዋሉት እሳቸው ነበሩ፣ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ብርድ ልብስ።

ይህን የሸረበችው ምራታቸው ለመሆኗ አልተጠራጠሩም። ሃያ ስድስት ዓመት አማትና ምራት ሆነው ሲኖሩ አንድ ቀን እነግራታለሁ ብለው ያጠራቀሙት ነገር አላቸው፤ አጥንት የሚሰብር፣ በየዓመቱ እየተሞረደ የተቀመጠ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ዛሬ ይለይለት! ትሪውን አነሡ። በሩን በክርናቸው ከፈቱ፣ ሳይዘጉት እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ሳሎን ገቡ።

ስድስት ሰው ዞሮ አያቸው። ልጃቸው ሹካውን አፉ ዘንድ አድርሶ ቀረ።

«እንዴት ዋላችሁ» አሉ ሲስተር። «ምንም አላመመኝም። ውሻ ጠብቂ ተብዬ ነው የዋልኩት። ውሻው ተኝቷል።»

የእጮኛው እናት ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሲስተር ግን እጃቸው በትሪው ተይዟል፣ ዓይናቸውም ምራታቸው ላይ ነው።

«አሟታል ያለው ማነው? ጓዳ ትዋል ብሎ የመከረውስ?»

ልጃቸው ሳህኑን አየ። የምራታቸው ፊት ቀላ። ሲስተር የሃያ ስድስት ዓመቱን ነገር ምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርሰው ነበር።

«እኔ ነኝ እማ» አለች ሚጡ።

«እኔ ነኝ» ደገመችው፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። «እናቴ አይሆንም ብላ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነው የተከራከረችኝ። እኔ ነኝ… ባለፈው እንደሆነው እንዳይሆን ብዬ። ፈርቼ ነው።»

ለምራታቸው የተሳለው ነገር ለሚጡ አይሆንም፤ ለሚጡ ደግሞ ምንም ያዘጋጁት ነገር የላቸውም። ለዚች ልጅ ቁጣ አጠራቅመው አያውቁም። እንዲህ የሚያም ነገር ደግሞ በዕድሜያቸው ሙሉ ሲስተርን አላጋጠማቸውም። ምራታቸው ተነሥታ ትሪውን ተቀበለቻቸው፣ የራሷንም ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀመጡ። «አመሰግናለሁ» ማለት አልቻሉም።

የእጮኛው አባት በዚህ መሐል ሳሉ፤ ሦስት ጊዜ። የሁሉም ዓይን ሲስተር ላይ ሆነ። ሚጡ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሲስተር ቀና አሉ። ከእንግዲህ ማን ይፈራል?

«ሳልዎ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ ቀላል ነው፣ አንድ ወር ቢሆነው ነው።»

«አምስት ወሩ!» አሉ ሚስትየው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «አምስት! እኔ ስናገር ጭቅጭቅ ይለዋል። ይንገሩልኝ እስቲ፣ ይንገሩልኝ!»

«በዓሉ ባለፈ ማግስት ይታያሉ፤ አብሬዎት እሄዳለሁ» አሉ ሲስተር።

ያኔ ከመስኮቱ ሥር ርችት ፈነዳ፣ ከቀኑ ሁሉ የበረታው። ሻለቃ ከኮሪደሩ እንደ ተወረወረ ድንጋይ መጣ፤ ጠረጴዛው ሥር ገባና አዲሱን ምንጣፍ በእንግዶቹ እግር መካከል አረጠበው። ልጃቸው ብድግ አለ። «ወደ ኋላ ልውሰደው፣ እንግዳ ፊት…»

«ተቀመጥ!» አሉት እናቱ። ይህን ድምፅ ከልጅነቱ ወዲህ አልሰማውም ነበር፤ ተቀመጠ። «ዛሬ በዚህ ቤት ማንም ጓዳ አይገባም። የሚንቀጠቀጥ ካለ እዚሁ፣ ሰው እያየው ይንቀጥቀጥ።»

ሚጡ በአዲሱ ልብሷ ወለሉ ላይ ወረደች። እንባዋ እየወረደ ውሻውን ወደ ራሷ አስጠጋችና ቀና ብላ አያቷን አየቻቸው። «እማ፣ እኔ ልያዘው?»

«ያዢው» አሉ ሲስተር። «ቁጣዬ ገና አልበረደም፤ ነገም የሚበርድ አይመስለኝም። አሁን ግን አንቺ ውሻውን ያዢ፣ እኔ ምሳዬን ልብላ።»