ራሱን የሚያሞቅ እህል

«ሮማንዬ፣ ይኼን ቆሻሻ ቢን ውስጥ ልጨምረው?» አለች ጎረቤቷ አልታየሽ፤ ፎጣ ፍለጋ ከከፈተችው የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ቁም ሳጥን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ እየወጣች። «ሻግቷል። ደግሞ ይሞቃል! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!»

ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ዞር አለ። ሮማንወርቅ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ እጇን ዘረጋች። ባሏ ብርሃኑ ካረፈ ወዲህ እንኳን እጇን መዘርጋት፣ ቀና ብላ ሰው ማየትም አቅቷት ነበር። እህል የሚባል በአፏ አልዞረም። አልታየሽ ያቀረበችላትን ሁሉ መልሳ ስትወስድ ነው የዋለችው።

«ስጪኝ።»

ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችው። አኩሪ አተሩ ነጭ ጥጥ በመሰለ ነገር ተያይዞ አንድ አካል ሆኗል። መዳፏን አሳረፈችበት። የሰው ገላ ያህል ይሞቃል።

ብርሃኑ ቀቅሎ፣ እርሾውን ነስንሶ፣ ጠቅልሎ ያስገባው ለፍልሰታ ጾም ብሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለች። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣም፤ ለንደን ቀብርም ወረፋ አለው። እሱ እዚያ በብርድ ተኝቶ፣ የእጁ ሥራ እዚህ ጨለማ ውስጥ ማንም ሳያየው ሲያድግ ነበር። ሮማንወርቅን ደነቃት፤ ለቅሶዋን እንኳ ለአፍታ ረሳችው።

«ምንድነው እሱ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ መንግስተኣብ፤ ብርሃኑን ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሽማግሌ።

«ቴምፔ ነው፣ ጋሼ። የኢንዶኔዥያ ምግብ። የተማረው ግን ጃፓን ነው።»

አፏ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። ብርሃኑ በወጣትነቱ በስኮላርሺፕ ኦሳካ ሄዶ ምሕንድስና ሲማር ሑዳዴ ገባና መከራው ጀመረ። ሾርባው የዓሣ፣ ስጎው የዓሣ፤ ተመስገን ጎመን አገኘሁ ሲል እላዩ ላይ የደረቀ ዓሣ ይፈቀፈቅበታል። ሩዝ በጨው እየበላ ሱሪው ከወገቡ መውረድ ሲጀምር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት ጠባብ የኢንዶኔዥያ ምግብ ቤት አገኘ። ባለቤቷ ኢቡ ሱሚ የምትባል ሙስሊም ሴት ነበረች። በተሰባበረ ጃፓንኛ ሥጋ እንደማይበላ፣ ወተት እንደማይጠጣ፣ ዓሣም እንደማይሆን አስረዳት። ሌላው ሰው ሁሉ «አሞሃል እንዴ?» ነበር የሚለው። እሷ ግን «ጾማችሁ ስንት ቀን ነው?» አለችው። ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መጥበሻዋን አጥባ፣ ከቅመሟ ውስጥ ከባሕር እንስሳ የሚሠራውን የሽሪምፕ ድልህ ትታ፣ ቴምፔ ጠበሰችለት። እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲሁ እያደረገች አበላችው።

ቡናዋ ግን አጣልቷቸው ነበር። ዱቄቱን ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ የፈላ ውሃ ትቸልስበትና «እስኪዘቅጥ ጠብቅ» ትለዋለች። «የቡና አገር ሰው ሆኜ አተላ ልጠጣ?» ብሎ ተቆጣ። ጠበቀ፤ ጠጣ፤ ድገሚኝ አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ቡና አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም።

«ሙስሊሟ ናት ሑዳዴን ያስጾመችው በይኛ!» አሉ ጋሽ መንግስተኣብ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የእግዚአብሔር ሥራ!»

«ዛሬ ካልተጠበሰ ይበላሻል» አለች ሮማንወርቅና ተነሣች።

አልታየሽ መንገዷን ዘጋች። «በስመ አብ! ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥታ ምድጃ ልትነካ? ሰው ምን ይለናል? ንገሪኝና እኔ ልሥራው።»

«አታውቂውም።»

«አንቺስ መች ሠርተሽው ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። ሠርታውም ቀምሳውም አታውቅም። ግን ሃያ ዓመት በዚህች የብሪክስተን ጠባብ ኪችን ውስጥ አጠገቡ ቆማ አይታዋለች። አሁን ይህ ከተጣለ ብርሃኑ ሌላ የሚሠራው የለም።

«ልቀቂያት፣ አልታየሽ» አሉ ጋሽ መንግስተኣብ። «እጁ የጀመረውን ትጨርስለት።»

ቀጠን ቀጠን አድርጋ ቆረጠችው። ነጭ ሽንኩርትና ጨው በጥብጣ ነከረችው። ዘይቱ ተንጫጫ። ሽታው የተቆላ ለውዝ ይመስላል፤ እንባቸውን ሲጠርጉ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳይታወቃቸው አንገታቸውን ወደ ኪችኑ አሰገጉ። ሆድ መቼም ለቅሶ ቤት መሆኑን አያውቅም።

አልታየሽ ሳህኑን ተቀበለቻትና አንዱን ቁራሽ እፍ እፍ ብላ አበረደችው። ወደ ሮማንወርቅ አፍ አስጠጋችው።

«እንኪ እስቲ፣ አፈር ስሆን፣ በሞ...» ብላ ምላሷን ነከሰች። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም።

ሮማንወርቅ ግን ሰምታለች። ብርሃኑ በየጾሙ እንዲህ ቁራሽ ይዞ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለ ሲለምናት፣ «ሻጋታህን አንተው ብላ» እያለች ስትስቅበት ኖራለች። እሱም ይስቅና ራሱ ይጎርሰዋል። ሁልጊዜ ሌላ ጾም ያለ ይመስላት ነበር።

«ቃሉን ጨርሺው» አለቻት።

«ኧረ እኔ እንዴት ብዬ...»

«በሞቱ በይኝ።»

አልታየሽ ቁራሹን ዳግም አስጠጋችላት። «በሞቱ» አለች።

ሮማንወርቅ አፏን ከፈተች።