ወንዙ የነፋው ወናፍ

ጣልያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእነዚያ ዓመታት የሰበታው ቀጥቃጭ ቦጂያ ለብረት ብዙም አልተቸገረም፤ ከጦርነቱ የተረፈውን የመኪና ባሌስትራ እየቆረጠ በአቅራቢያው ላሉት የተጂ ገበሬዎች ማረሻ ይሠራ ነበር። ያም አለቀና መዶሻውን ሰቅሎ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ድንቅቱ ሸክላ ሠሪ ናት። አንድ ቀን አፈር ልትቆፍር ወጥታ ቀላ ያለ ከባድ ድንጋይ ይዛ ገባች።

«አባትህ ብረት ያወጣ የነበረው ከዚህ አይደል?»

ቦጂያ ድንጋዩን በእጁ መዘን መዘን አደረገው። «ነው። እሱ ግን የወይራ ከሰል ነበረው። ዛሬ ወይራ የት አለ? ያለን ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሰሉ እፍ ሲሉት ያልቃል።»

«እስቲ እንሞክረው።»

ጭቃ በጭድ አቡክታ ደረቷ ድረስ የሚደርስ ምድጃ ሠራች። ቦጂያና ወንድሙ ዳዲ ከማለዳ ጀምረው እየተፈራረቁ ወናፍ ነፉ። ከቀትር በኋላ ክንዳቸው ዛለ፣ እሳቱም አብሯቸው ዛለ። ምድጃውን ሲያፈርሱት የተገኘው አረ ብረት፣ የማይረባ የብረት ዝቃጭ ብቻ ነበር። ዳዲ ላቡን ጠርጎ፣ «ሁለተኛ እንዳትጠሩኝ» ብሎ ሄደ።

«ብዬሽ ነበር፤ ከሰሉ ነው» አለ ቦጂያ።

«ከሰሉ ምን አጠፋ? እሳቱ የደከመው እናንተ ስትደክሙ ነው» አለች ድንቅቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማይደክም ነገር ስታስብ ሰነበተች።

ነሐሴ ነበር። ወንዙ ሞልቷል፤ በየጎተራው ግን እህል ስለተሟጠጠ የእሜቴ የሺወርቅ የውሃ ወፍጮ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። እሜቴ የሺወርቅ ከመንዝ የመጡ ባልቴት ናቸው። ድንቅቱ ደጃቸው ቆማ እጅ ነሳችና፣ ውሃው ለእነቦጂያ ወናፍ እንዲነፋ ወፍጮውን ለሁለት ሳምንት እንዲያውሷት ለመነቻቸው።

«ቀጥቃጭ ወፍጮዬን ነካ ከተባለ ማን እህል ያመጣልኛል?» አሉ።

ድንቅቱ ስድቡን ዋጥ አደረገችው። «እሜቴ፣ የወፍጮዎ ድንጋይ የሚወቀረው በማን ብረት ነው? እህሉስ የበቀለበት መሬት በማን ማረሻ ታረሰ?»

«አፍሽ ስለት ነው» አሉ አሮጊቷ። «እሺ። ግን እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

የወፍጮውን ድንጋይ አነሡና ውሃው በሚያሽከረክረው ዘንግ አናት ላይ ቆልማማ እንጨት አሰሩ። እንጨቱ በዞረ ቁጥር አንዱን ወናፍ ይጫናል፣ ሌላውን ይስባል። የሁለቱን ወናፎች አፍ በየተራ የሚከፍትና የሚዘጋ የቆዳ ምላስ ድንቅቱ ሰፋች። በመጀመሪያው ቀን ቆዳው ተቀደደ። በሁለተኛው እንጨቱ ተሰበረ። ድንቅቱ ቆዳውን ደርባ ሰፋችው፣ ቦጂያም እንጨቱን በግራር ለወጠው።

በሦስተኛው ቀን ከወፍጮው አጠገብ በጣሉት ዳስ ሥር ድንቅቱ የሠራችውን አዲስ ምድጃ ለኮሱት። ወናፉ ያለ ማቋረጥ ተነፈሰ። እሳቱ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ ሄደ። ድንቅቱ ከሰልና ድንጋይ እያፈራረቀች ከላይ ትጨምራለች። ቦጂያ ወዲያ ወዲህ አለ።

«እጄን ምን ላድርገው?» አላት።

«አሳርፈው!» አሉ እሜቴ የሺወርቅ ከተቀመጡበት። ሦስቱም ሳቁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምድጃውን ሆድ ሰበሩት። የበግ ራስ የሚያህል፣ ፍም የመሰለ ነገር ተንከባሎ ወጣ። ቦጂያ በጉጠት ይዞ መታው። አልፈረሰም፤ ፍንጣሪው ተረጨ፣ ሲደግመውም ጠፍጠፍ አለ።

«ሲቢላ!» ብሎ በኦሮምኛ ጮኸ፤ «ብረት ነው! ድንቅቱ፣ ብረት ነው!»

የመጀመሪያውን ማረሻ የተጂው ገበሬ ኦቦ ቀጄላ ወሰዱት። ቀጥቃጭ ወፍጮውን ነካ የሚለው ወሬ ሲናፈስ ሁለት ደንበኞች እህላቸውን ወደ ሌላ ወፍጮ አዞሩ። እሜቴ የሺወርቅ ግን፣ «መንገዱ ጨርቅ ይሁንላቸው» ብለው ለቀጣዩ ነሐሴም ፈቀዱ። ሌሎቹ ደንበኞች አልሄዱም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ዘንጉን ለማየት ጎንበስ ይሉ ጀመር።

ዳዲም ተመለሰ። ቦጂያ በእሱ ፊት ወደ ሚስቱ ዞረና፣ «የሚቀጥለውን ምድጃ በስንት ክንድ እንሥራው?» ሲል ጠየቃት። ድንቅቱ ለምድጃው ከምታቦካው ጭቃ እጇን አወጣችና አፈሩን በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው። «ቆይ፣ ጭቃው ስንት ክንድ እንደሚሸከም ልየው» አለችው።