አውፍ የተባለ ፍሬን

ሙህዲን ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ መኪናውን ግን ያውቃል። ነጯ ኮሮላ ስታስነጥስም ስታጉረመርምም ቋንቋዋ ይገባዋል። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ካለፈ በኋላ መቁጠሩ ሰልችቶት ቆሟል። አራት ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሚስቱን ዓፊያን ባቲ ገበያ፣ የሰፈሩን ዕድር፣ የቅሬውን ሽማግሌዎች ደግሞ ቀብር ስታደርስ የኖረች መኪና ናት።

አሁን እናቱን ዙቤይዳን ደሴ ልታደርስለት ነው። የዓይን ሞራዋ የሚገፈፍበት ቀን ለሐሙስ ተቆርጧል። «ሙህዲን ይውሰደኝ» ብላለች በአፏ። ለሌላ ሰው ይቺ ቃል ምንም አይደለችም። ሙህዲን ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው የጠበቃት። ዙቤይዳ ያጠባችው ሁለት ልጅ ነው፤ እሱንና በወሊድ የሞተች ጎረቤቷ ትታው የሄደችውን በድሩን። ጡቱ ለበድሩ ቀደመ፤ «የቲም ነው፣ እናቱን ያጣ» ተባለ። ቂጣ ሲቆረስ ትልቁ ለበድሩ፤ «የቲም ነው»። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ትምህርቱን ይቀጥል ሲባልም የቲሙ ቀጠለ፤ ሙህዲን ማሽላ ሊኮተኩት ጨፋ ወረደ።

በድሩ ዛሬ ከሚሴ ላይ ጋራዥ አለው። ኮሮላዋንም አሥራ አንድ ዓመት የነካት የእሱ እጅ ብቻ ነው። ሌላው ደንበኛ ዕቃ ሲያስቀይር አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡታል፤ መቀየሩን በዓይኑ እንዲያይ። ሙህዲን ግን አንድም ቀን «አሮጌው የታለ?» ብሎ አያውቅም። የጡት ወንድምን እጅ መፈተሽ ነውር ነዋ!

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ይዞለት ሄደ።

«አካም ቡልቴ፣ በድሩ። ሐሙስ እማን ደሴ ላደርሳት ነው። እስቲ እያት፣ ምን ያስፈልጋታል?»

በድሩ ሞተሩን አስነሳው። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ደግፎ እጀታውን ከጆሮው ለጠፈና ጥቂት አዳመጠ።

«ሞተሩ ይወርዳል» አለ። «ዘይት እየጠጣች ነው። ሁለት ሳምንት ተዋት።»

«ሐሙስ እያልኩህ! ይልቅ ፍሬኗን እይልኝ። ሁለቴ ካልረገጥኳት አትይዝም።»

«የፍሬኑን ሸራ አምና ቀይሬልህ የለ? ገና አዲስ ነው። አንተ ደግሞ፣ ሚስቱ እንዳኮረፈችበት ሰው ሁሉን ትጠረጥራለህ!»

የጋራዡ ሰዎች ሳቁ። ሙህዲንም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ማክሰኞ ጨፋ ሮቢት ደርሶ ሲመለስ ጎማው ተነፈሰ። አብዱሰላም የሚባል ጎሚስታ ጎማውን አወለቀና ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ማነው የሚሠራልህ?»

«ምነው?»

«ና፣ እይ።»

ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ከርሟል። «አምና ነው የተቀየረው» አለ ሙህዲን።

«አምና? ይሄ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የተወለደ ነው የሚመስለው! ብሎኑን እየው፤ ዝገቱ ላይ የቁልፍ ጭረት እንኳ የለም።»

«ሞተሩስ? ይውረድ ብለውኛል።»

«ዘይት እየጨመርክ ገና ዓመት ትሄድባታለህ። ጭስ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ሰው አይገድልም። በዚህ ፍሬን ግን የደሴውን ዳገት፣ ሐረጎን ብትወጣ እንኳ፣ ስትወርድ አላህ ይሁንህ።»

ሙህዲን በአንደኛ ማርሽ እየተሳበ ከሚሴ ገባ። ልጆቹ አብረውት ባይኖሩም፣ መንገዱን ሙሉ የሚታየው የእነሱ አራት ራስ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር። በቀጥታ ጋራዡ ሄደ።

«በድሩ፣ ሸራው አልተቀየረም!»

በድሩ አልደነገጠም። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አልተቀየረም። ያኔ ዕቃው ጠፍቶ ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ ስል ዋለ አደረ።»

«ተቀይሯል አልከኝ እኮ!»

«አልኩ። አንተም አውፍ አልከኝ።»

«መቼ?»

«የረመዳን ዋዜማ። ደጃፍህ ቆሜ፣ ‹ያወቅከውንም ያላወቅከውንም አውፍ በለኝ› አልኩህ። ‹አውፍ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልህ› አልከኝ። በልቤ ይዣት የመጣሁት ይቺኑ ሸራ ነበር።»

እዚህ አገር ጾም ሳይያዝ ሰው ይቅር ይባባላል። «ምኑን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ራሱ ቂም ነው። ሙህዲን ያን ዕለት በድሩን አቅፎ ዓይኑ እንባ ማቅረሩን አስታወሰና አፈረ።

«አውፍ ፍሬን ይሆናል?» ብሎ ጮኸ። «ከዚያ ወዲህ ስንት ወር ነዳሁ፣ ልጆቼን ጭኜ! አውፉን ስትወስድ ሸራውን ለምን አልቀየርክም?»

«ስቀይረው ልታውቅ ነዋ» አለ በድሩ።

«ሌባ! የጡት ሌባ!» የጋራዡ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ዞሩ። በድሩ ፊቱ ጠቆረ፤ ሙህዲን ጥሎት ወጣ።

እናቱ የምትኖረው እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። መደቡ ላይ ተቀምጣ ሙስበሃዋን ስትቆጥር አገኛት። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ዶቃዎቹ ቆሙ።

«ነግሮኛል» አለች።

«ማን? መቼ?»

«በድሩ፣ ያኔውኑ። አልቅሶ ነው የነገረኝ። ‹ለእሱ መናገር አቃተኝ፣ አንቺ አውፍ በይልኝ› አለኝ። እኔም አልኩለት። የቲም እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የሃምሳ ዓመት የቲም! ልጆቼ ነበሩ እኮ እማ፤ የልጅ ልጆችሽ!»

«አላህ ጠብቋቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። አንተ ሆደ ሰፊ ነህ፣ ታልፈዋለህ ብዬ ነው።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ሙህዲን አጥሩን የነቀነቀው በድሩ ብቻ መስሎት ነበር።

«ሂድና ታረቀው» አለች እናቱ። «ልጆቼ ተኳርፈው እኔ መንገድ አልወጣም።»

ሙህዲን ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ረቡዕ ኮሮላዋን ሌላ ጋራዥ ወሰደና ከመካኒኩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ሞተሩን ተዉት፤ ፍሬኑን ብቻ» አለ። የአራቱም ጎማ ሸራ ሲቀየር፣ የፍሬን ዘይቱ ሲሞላ፣ እያንዳንዱን ብሎን ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ማታ ባዶው መንገድ ላይ ሞከራት። አንዴ ሲረግጣት ቀጥ አለች። ወደ በድሩ ግን አልሄደም። እማ የተሠራውን ፍሬን ስታይ ለምን እንዳልታረቀ ይገባታል ብሎ ነው።

ሐሙስ ፈጅር ሰግዶ ቤንዚን ሊሞላ ወጣ። ሲመለስ ዓፊያ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሄደች» አለችው።

«በማን?»

«በበድሩ መኪና። ‹ታርቆ ይመጣል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅኩት› ብላለች። በድሩ ደግሞ፣ ‹በእኔ በኩል ቂም የለኝም፣ አውፍ ብዬዋለሁ› አላት።»

«እሱ? እኔን? ለምኑ?»

«ሰው ፊት ሌባ ብለኸዋል መሰለኝ።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የበድሩ ነው፣ ድምፁ የእናቱ።

«ሙህዲን፣ ሐርቡን አልፈናል። አታስብ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

«የእሱንስ መኪና ፍሬን ማን አየው፣ እማ?»

«እሱ ያውቃላ» አለች እናቱ።

ሙህዲን ስልኩን ዘጋው። ደሴ ሲሄድ በመንገዱ ትምህርት ቤት ሊያደርሳቸው ነበርና፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አቅፈው ከኋላ ወንበር ተደርድረዋል። የፊቱ ወንበር ላይ ዓፊያ ለአማቷ አጥፋ ያነጠፈችው ጋቢ አለ። አንስቶ ለዓፊያ ሰጣትና፣ ሞተሩን አስነስቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ወጣ።