የገብስ ዛላ ያለው ፍሬም

ፍሬም የሚሠራው ለማን ነው? ለሥዕሉ ነው ወይስ ሥዕሉን ለሚያየው ሰው?

ሕሊና ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማችው ቡዳፔስት፣ ትምህርት በጀመረች ሰሞን ነበር። መምህርቷ ኢሎና ባዶ ፍሬም ግድግዳ ላይ ሰቅለው ጠየቁ። ክፍሉ ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሷ አላወጣችም። ከዚያ በኋላ እንጨት መቅረጽ ተማረች፤ የወርቅ ቅብ ተማረች፤ ያረጀ ፍሬም መጠገንም ተማረች። ተመረቀች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ እስቴ ተመለሰች። ጥያቄውን ግን ሳትመልሰው ይዛው መጣች።

በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ መጋዟን፣ መላጊያዋንና መሮዋን ደረደረች። ከተማው መጥቶ አየላት። አይቶም ሳቀባት።

«ዐይን የሌለው መስኮት ትሠራለች» አለች ጎረቤቷ ጌጤ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ባሕር ማዶ ድረስ የሄደችው ለዚህ ነው። እዚህ መስኮት የሚሠራ አናጢ የጠፋ ይመስል።»

ሕሊናም ብትሆን ከተማውን አላከበረችውም። በየሰው ግድግዳ ላይ ምን እንደተሰቀለ ታውቃለች፤ ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ጋዋን የለበሰ ተመራቂ፣ ከተመራቂው ኋላ እስቴ ውስጥ የትም የማይወርድ ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው ሥር ዳክዬ ይሁን ዝይ ያልለየለት ነጭ ወፍ። ሙሽራ ከሆነ ደግሞ ወፎቹ ሁለት ይሆናሉ።

እህል ነጋዴው ጋሽ ፍሬው አንድ ቀን የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ይዘው ገቡ።

«ዙሪያውን ወርቅ፣ ጥግ ጥጉን ጽጌረዳ» አሉ። «ከታች ደግሞ ሰዓት ይግባበት።»

«ሰዓት ለምን?»

«ፎቶውን ያየ ሰው በዚያው ሰዓቱንም ያያላ።»

«ጋሽ ፍሬው፣ እንግዳ የልጅዎን ፊት ባየ ቁጥር ሰዓቱ መሸ እንዴ ብሎ እንዲነሣ ነው የፈለጉት?»

ጋሽ ፍሬው ፎቶውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። «አንቺ ልጅ፣ ፈረንጆቹ ያስተማሩሽ እንጨት ነው ወይስ ስድብ?» ብለው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ባለሰዓቱ ፍሬም ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ መጣላቸው። ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሰዓቱ ግን ቆሟል።

ሁዳዴ ሲገባ ከኢሎና መልእክት ደረሳት። «ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ የሥራ ቦታ ተከፍቷል። ለአንቺ እንዲሰጥ እፈልጋለሁ። እዚያ የሠራሽውን የአንድ ፍሬም ፎቶ ላኪልኝ። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የተነሣ አልቀበልም፤ በቦታው ተሰቅሎ፣ ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ የሚታይ ይሁን። ግንቦት መጨረሻ ላይ እንወስናለን።»

ሕሊና መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። መውጫ በር ነበር። ችግሩ፣ እሷ የሠራችው ፍሬም በመላው እስቴ በአንድም ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም።

መሪጌታ ይስሐቅ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ላለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ልጆች ምስለ ፍቁር ወልዳ አሥለው ልከዋል። ሥዕሉ ፍሬም ይፈልጋል። መሪጌታ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ሕሊና «እሠራዋለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ሲሰቀል ፎቶ ላንሣው።»

«ማንሣቱን ማን ከለከለሽ» አሉ መሪጌታ።

ሁዳዴውን ሙሉ ሠራች። የዋንዛውን ጣውላ ወርቅም ቀለምም አልቀባችውም፤ በአራቱም ጎን የገብስ ዛላ ቀረጸችበት፣ የዛላው ሹል ሁሉ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ድረስ። አናቱ ላይ አንድ ነዶ ወደ ፊት ወጣ ብሎ እንዲታይ ተወችው። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው ይህ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ሰው አይቶ እንዳያልፈው አድርጋ ነው የሠራችው።

መሪጌታ ሥራውን ሊያዩ መጥተው ዙሪያውን ቃኙት። «ምነው ገብስ አበዛሽ ልጄ? የጠላ ቤት ደጃፍ አስመሰልሽው።»

«የእናንተው እርሻ ነው መሪጌታ። ጽጌረዳ እስቴ ውስጥ የት ይበቅላል?»

«ፕላስቲኩ ላይ» አሉ መሪጌታ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

እናቷ የሻረግም መጣች። ልጇ ምን እንደምትሠራ ጠይቃ የማታውቅ ሴት፣ የዚያን ቀን ፍሬሙን ወርዱንም ቁመቱንም በክንዷ ለካችው። ሕሊና ኩራት መሰላት፤ ደስም አላት። በሳምንቱ እናቷ ቤት ውስጥ አንድ ጨርቅ ዘርግታ ጠበቀቻት፤ የሚያብለጨልጭ ቀይ ከፋይ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ዘርፍ የተንጠለጠለበት።

«እንዴት ነው?»

«ለሚኒባስ መስኮት ከሆነ ጥሩ ነው» አለች ሕሊና።

የሻረግ ጨርቁን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሕሊናም ለምን እንደተገዛ አልጠየቀችም።

ሥዕሉ በግንቦት ልደታ ዋዜማ ተሰቀለ። በነጋታው ሕሊና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ በጠዋት ደረሰች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅድስት ገብታ የመቅደሱን ግድግዳ ስትመለከት ሥዕልም ፍሬምም የለም። ቀይ ከፋይ ነው ያለው። የመጋረጃው ዘንግ ፍሬሙ አናት ላይ ባለው ነዶ ላይ በሁለት ምስማር ተመትቷል፤ አንዱ ምስማር አንዷን ዛላ ለሁለት ሰንጥቋታል።

«መሪጌታ፣ ፍሬሙ የት አለ?»

«ይኸውልሽ» አሉ በመቋሚያቸው እያመለከቱ። «ለዘንጉ የሚሆን ወጣ ያለ እንጨት ስለተውሽልን እግዜር ይስጥሽ። ሌላ አናጢ ይህን አያስብልንም።»

«ፍሬሙን እኮ ሸፍኖታል።»

«ታዲያ ሥዕል ተራቁቶ ይዋል?»

ነገሩ ሊያስገርማት የሚገባ አልነበረም። በልጅነቷ ስንቱን እንዲህ ያለ መጋረጃ ተሳልማለች። ግን ሙዚየም ለሙዚየም ስትዞር የኖረች ልጅ ናት፤ እዚያ ሥዕል ሁሉ ቀኑን ሙሉ ተገልጦ፣ መብራት በርቶለት፣ ሰውን እየጠበቀ ይውላል። ያን ስታይ ኖራ ይህን ረሳችው። አንድ የእስቴ ልጅ ሊረሳው የማይገባውን ነገር፣ በመሮ እየፈለፈለች ሁለት ወር ሙሉ ረሳችው።

ጸሎት ሲደርስ ዲያቆኑ መጋረጃውን ገለጠው። ሕሊና ስልኳን አነሣች። ከፋዩ ግራና ቀኝ ተሰብስቦ በሪባን ታሰረ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ታየች። ጎንና ጎኑን ግን የተሰበሰበው ጨርቅ ይዞታል፤ አናቱን ዘርፉ ሸፍኖታል፤ ከግርጌው ሴቶቹ የፕላስቲክ አበባ ደርድረውበታል። ሲዘጋ ሥዕሉንም ፍሬሙንም የሚሸፍነው መጋረጃ፣ ሲከፈት ፍሬሙን ብቻ ሸፈነ።

«መጋረጃውን ለአንዲት ፎቶ አውርዱልኝ» አለች መሪጌታን ጠጋ ብላ።

«የስለት ነው ልጄ። ባለስለቷ ሳትፈቅድ አልነካውም።»

«ማን ናት?»

መሪጌታ ግር ብሏቸው አዩዋት። «እናትሽ ናታ።»

የሻረግ በሴቶቹ በኩል ቆማ ነበር።

«እማ፣ አውርዱት በያቸው። አሁኑኑ ይመለሳል።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«ውጭ ሳለሽ ተስያለሁ። ልጄን ወደ አገሯ መልሽልኝ፣ መጋረጃ አገባለሁ ብያታለሁ። መለሰችልኝ። ዛሬ ልቀማት?»

«የመኖሪያ ፈቃዴ አልቆ ነው እኮ የመጣሁት።»

«ማን ያስጨረሰው ይመስልሻል?»

«ይህን ፎቶ ካልላክሁ እዚሁ መቅረቴ ነው፤ ገብቶሻል?»

እናቷ የመጋረጃውን ዘርፍ ከሩቅ አየችው። «የሚኒባስ መስኮት ነበር ያልሽው» አለች፤ ከዚያ ወደ ጸሎቷ ተመለሰች።

ሕሊና ወደ ግድግዳው ሄደች። ጎትታ ልትጥለው እጇን ስትሰድ፣ ሴቶቹ ልትሳለም መስሏቸው ገለል ገለል አሉላት። እጇ ጨርቁ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁሉም እያያት ነበር፤ ሌላ ማድረግ የምትችለውን ብታጣ ተሳለመችው። አዲስ የሱቅ ጨርቅ ይሸታል። ከዚያ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ፎቶውን አነሣች። የቀይ ከፋይ ቁልል፣ ሥዕሉ፣ የዲያቆኑ ክርን። ከከፋዩ ሥር አንዲት የገብስ ዛላ ጫፏ ወጥቷል፤ ለማያውቃት ጭረት ትመስላለች።

ከተማ ተመልሳ ኔትወርክ እስኪመጣ መናኸሪያው ግንብ ላይ ተቀመጠች። ከፎቶው ሥር ጻፈች፦ «መምህርት ኢሎና፣ ፍሬሙ በቦታው ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ የማይታየው እሱ ነው። ፍሬም የሚሠራው ለማን ነው ብለው ጠይቀውን ነበር። እዚህ ለመጋረጃው ነው።» አንብባ ስትጨርስ የመጨረሻው ነገር ስድብ መሰላት፤ ማንን እንደሰደበች ግን ራሷም አልገባትም። ላከችው።

ክረምት ሳይገባ ከሌላ ደብር ሰዎች መጡባት። «ያን የመጋረጃ መስቀያ ያለውን ዓይነት» አሏት። ጌጤ ደጃፍ ላይ ሆና ሳቀች። ሕሊና መላጊያዋን እንደያዘች ስልኳን ከፍታ አየች። መልእክቷ እንደተነበበ የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ከሥራቸው አንድም ቃል አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም።